ባሌ የሚልክልን አፈር

እኛ ጎርፍ አንፈራም፤ እንዲያውም ደጅ እንጠናዋለን። እታች ሜዳው ላይ ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል፣ ክረምት ሲገባ የቦዩን አፍ ከፍተን ከተራራው የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ በገዛ እጃችን ማሳችን ላይ እንለቀዋለን። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶልን ይሄዳል። መሬታችንን መሬት ያደረገው እሱ ነው። የጎረቤት መንደር ሰዎች «እናንተማ ተኝታችሁ ነው የምታመርቱት» እያሉ ይቀኑብን ነበር።

ዘንድሮም የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ የባሌ አባት ዶማቸውን ይዘው ወረዱና የላይኛውን ማሳ ቦይ ከፈቱ። ድንጋዩን ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ። ውሃው ሲሸሽ የቀረው ግን ግራጫ፣ ጠጠር የበዛበት፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ጭቃ ነበር። በቆሎው ከጉልበቴ ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የእኛ አፈር አይደለም» አልኳቸው።

«የተራራው ሆድ ነው፤ ዘርግፈውታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ።

ማን እንደዘረገፈው ሁለታችንም እናውቃለን። ተራራው ላይ መንገድ የሚቆርጠውን ዶዘር የሚነዳው ባሌ ነው። የቆረጠውን ወደ ገደሉ ይገፋዋል፤ የቀረውን ዝናብ ይጨርስለታል።

ቅዳሜ መጥቶ ቦት ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ጭቃውን አየሁት። ያው የማሳዬ ጭቃ ነው።

«ሌላ ቦታ መድፋት ያቅታችኋል?» አልኩት።

«በመኪና ተጭኖ ይውጣ ብዬ ለአለቃው ነግሬው ነበር። ካልተመቸህ ቁልፉን አስረክብ፣ ዶዘር የሚነዳ ሞልቷል አለኝ።»

«አስረክበዋ።»

«እሺ» አለ፤ «ሰኞ አልሄድም። ምን እንደምንበላ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እሁድ ተራራው አናት ላይ ደመና ከበደ። የቀረን የታችኛው ማሳ ብቻ ነው። ቦዩን ካልከፈትንለት በውሃ ጥም ያልቃል፤ ከከፈትንለት ግራጫው ይወርሰዋል። አባባ ዶማቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልክፈተው?» አሉኝ። በዚህ ቤት ስለ ውሃ ምክር ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እርስዎ ያውቃሉ፣ አባባ።»

«እኔ የማውቀው የዱሮውን ነው» አሉ። ጎርፉ ሲመጣ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ውሃው በአጠገባችን አልፎ ሄደ፤ ማሳው እንደደረቀ ቀረ።

ሰኞ ሲነጋ ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው አውቃለሁ፤ ቃሉን እየጠበቀልኝ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቦት ጫማውን አንስቼ ጭቃውን በቢላ ፋቅሁለት። የፋቅሁትን የምደፋበት ቸገረኝ፤ የትም ብደፋው ዞሮ ዞሮ የሚገባው ማሳዬ ነው። ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጥኩና ትከሻውን ነካ አደረግኩት።

«ተነስ» አልኩት፤ «የሥራው መኪና ጥሎህ ይሄዳል።»