ኮሎኔሉ ይጠብቁ

"ሞቷል!" አለች አሰልጣኟ፣ ጣቷን ወደ ታናሽ ወንድሟ ቀስራ። "ጨርሳችሁታል። በሉ ቅበሩት!"

ወንድሟ በልምምድ ሜዳው አቧራ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጭኑ ላይ ከታሰረችው ቱቦ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ተንዠቅዥቆ አልቆ፣ ቱቦዋ የተሰካችበት ጀሪካን ባዶውን ቀርቷል። "ሟቹ" ቀና ብሎ፣ "እትዬ፣ ሱሪዬን ማን ሊያጥብልኝ ነው?" ሲል ጠየቀ።

ነፍስ አድን ተብለው የሰለጠኑት ወታደሮች በሙሉ ወዲያ ማዶ ኮሎኔሉን ከበዋል። ኮሎኔሉ ለሞራል ብለው ራሳቸው ቁስለኛ ሆነው ለመተወን ፈቅደው ነበር፤ የደረሳቸው ቁስል ክንድ ላይ ያለች ጭረት ናት። ያቺን ጭረት አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ይጠቀልላል፣ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ያንተርሳቸዋል፣ አንዱ ደግሞ በኮፍያው ያራግብላቸዋል። ሙሽራም እንዲህ አልታጀበ!

ሰነፎች ሆነው አይደለም። የደም ማቆሚያውን ማሰሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስሩታል። ግን አለቃ መሬት ላይ ወድቆ ካዩ ሌላ ሰው አይታያቸውም፤ አለቃ ሲገባ ተነስ፣ አለቃ ሲጠራ ሩጥ ተብለው ያደጉ ናቸው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? ወንድሟን የገደለው ቁስሉ ሳይሆን የሰው ሁሉ አክባሪነት ነው። እሷን ያንገበገባት ይህ ነበር።

ኮሎኔሉ አቧራቸውን እያራገፉ መጥተው ወደ ጎን ወሰዷት።

"ስሚ ልጄ፣ ነገ ግንባር የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አልፈዋል በይና እንሸኛቸው።"

"አላለፉም፣ ጌታዬ።"

"አለቃቸውን መውደዳቸው ጥፋት ሆነ?"

"ወንድሜን ገደሉብኝ እኮ!"

"ወንድምሽ ያውና ሱሪውን እያራገፈ!"

"ነገ አብሯቸው ሲሄድ አያራግፍም።"

ኮሎኔሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሱን እዚሁ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀርልሻለሁ። እናትሽም እፎይ ይላሉ። አንቺ እነዚህን አሳልፊልኝ።"

እናቷ ከሰሞኑ እህል አልቀምስ ብለዋል፤ ይህን ብታበስራቸው እልል ይሉ ነበር። "እሺ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። የሌላዋ እናት ልጅ ግን ደሙ ፈስሶ ይለቅ? በራሷ አፈረች፤ ካፈረችው ይልቅ የተናደደችው በለጠ።

"አልፈልግም" አለች። "ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል፤ እነሱ ደግሞ ዛሬ ይማራሉ። ጌታዬ፣ እንደገና ይተኙልኝ። አሁን እየጮሁ ይዘዟቸው።"

"እኔን ትቶ የሚያልፍ ቢኖር አስረዋለሁ!"

"ልክ እንደሱ ብለው ይጩሁ።"

ኮሎኔሉ እልህ ይዟቸው ሄደው ተጋደሙ። ጀሪካኑ ተሞላ፣ ፊሽካው ተነፋ።

"ወደ እኔ! ትእዛዝ ነው!"

ከፊት ይሮጥ የነበረው አስር አለቃ ቀጥ አለ። ኮሎኔሉን አየ፤ ወዲያ የሚንዠቀዠቀውን ቀይ ውሃ አየ፤ ዞሮ አሰልጣኟን አየ። ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ነገ እሷ እዚያ የለችም።

አስር አለቃው ኮሎኔሉን ዘሏቸው አለፈ። የወንድሟን ጭን በጉልበቱ ተጭኖ ማሰሪያውን ጠመዘዘ። "ኧረ ቀስ!" ብሎ ጮኸ ወንድሟ። ውሃው ቆመ።

ኮሎኔሉ ፊታቸው ፍም መስሎ ከመሬት ተነሱ። "አንተ! ስምህ ማነው?"

"ይጠብቁ ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለ አስር አለቃው፣ እጁን ከማሰሪያው ሳያነሳ።

አሰልጣኟ መሃላቸው ገብታ ለኮሎኔሉ ሰላምታ ሰጠች።

"ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር" አለች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞራ፣ "አንተ አጥብቀው!"