የመሪጌታ ፓስወርድ

እስከዳር መሐል ሜዳ ከተማ ለጎልማሶች ኮምፒውተር ስታስተምር እንደ ደብሩ መሪጌታ እንደ ወልደ ጻድቅ ያናደዳት ተማሪ የለም። «ፓስወርድ ለማንም የማይነገር የሚስጥር ቃል ነው» ብላ ሳትጨርስ፣ መሪጌታ የራሳቸውን በዜማ፣ ፊደል በፊደል እየጠሩ መጻፍ ጀመሩ። የቆሎ ትምህርት ቤት ልማድ ሆኖባቸው ሳይጮኹ መማር አይሆንላቸውም። ተማሪው ሁሉ እየተቀበለ ጻፈ።

«ኧረ መሪጌታ! አገር ሰማው እኮ!»

ቀና ስትል ግን፣ ወር ሙሉ ኪቦርድ ላይ ፊደል ፍለጋ ሲዳክሩ የከረሙት እነ እማማ ጠጄ ቃሉን ሳይሳሳቱ ጽፈውታል። ንዴቷ በረደ።

«በሉ ማውስንም፣ ፋይልንም እንዲሁ በዜማ ይምሩልኝ» አለች። «ፓስወርዱን ግን አሁኑኑ ይቀይሩት።»

አዲሱን ሊጽፉ ሲጀምሩ ክፍሉ ሊቀበል አፉን ከፍቶ ጠበቀ። መሪጌታ አፋቸውን ግጥም አድርገው፣ በጣታቸው ብቻ አዜሙ።