የአያትየዋ ሽርጥ

ምራቴን አልወዳትም። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት ብዬ ነው። ሃምሳ አለቃ ናት፤ ከባድ መኪና ትነዳለች፣ ስንቅና ጥይት ጭና ጠረፍ ለጠረፍ ትዞራለች፣ ልጇን እኔ ጋ ጥላ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሷ ነው። ልጄ ትቷት ሄዷል፤ የት እንዳለ አታንሱብኝ፣ እሱም ሌላ ጉድ ነው። የቀረነው እኔ፣ እሷና ሚጣ ነን። ሚጣ ስድስት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ተቀብያት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠብኳት፣ ያበላኋት፣ ጥርሷ ሲነቃነቅ በክር ስቤ የነቀልኩላት እኔ ነኝ።

ክር እንኳ ሥራዬ ነው። በኦፔራ ቤቱ የስፌት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ! የሚዘፍኑት ሁልጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነዋ። እኛ ስፌት ክፍል ያለነው ኦፔራን በታሪኩ አናውቀውም፣ በልኩ ነው የምናውቀው። ይቺ ስትዘፍን ጎኗ አራት ጣት ይሰፋል፣ ላላ አድርጊላት። ያኛው በሦስተኛው ክፍል ይንበረከካል፣ ጉልበቱ ላይ ደርቢለት። ማን ማንን እንደገደለ፣ ለምን እንደሚያለቅሱ ጠይቀን አናውቅም። ወረቀት ይመጣል፣ እንሰፋለን፣ አበቃ።

አፌን የከፈትኩትም ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ደራሲ፣ ቀጭን መነጽራም ልጅ፣ ስፌት ክፍል መጥታ «ስለ ሴት ወታደሮችና ስለ ቤታቸው ኦፔራ እየጻፍኩ ነው። ቤተሰብዎ ውስጥ ወታደር አለ?» አለችኝ። አለ ወይ! ሦስት ቀን ሙሉ አወራሁላት። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ምራቴን ቦጫጭቀን ጣልናት። ኦፔራን ማን ይሰማዋል? በባዕድ ቋንቋ ተዘፍኖ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

የስልኩንም ነገር ነገርኳት። ካምፕ ውስጥ የግል ስልክ ክልክል ነው፤ ያለው አንድ ስልክ ነው፣ እሱም በተራ። የምራቴ ተራ እሁድ ከቀኑ አስር ሰዓት ነው፣ ለአስር ደቂቃ። መጀመሪያ ሰሞን አገናኛቸው ነበር። ታዲያ ሚጣ ስልኩ ሲዘጋ ታለቅሳለች፣ እህል በአፌ አይዞርም ትላለች፣ እስከ ረቡዕ ጥግ ይዛ ትኮራመታለች። የማባብላት እኔ! እናትየዋማ አስር ደቂቃዋን ጨርሳ መኪናዋን አስነስታለች። አንድ እሁድ ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና እጄን ጫንኩበት። ያን ሳምንት ሚጣ ሰኞም ማክሰኞም በላች፣ ሳቀች። በሚቀጥለውም እሁድ ከተትኩት። አንዳንዴ አነሳና «ተኝታለች» እላለሁ። በኋላማ «ላናግራት አልፈልግም ትላለች፣ ምን ላድርግሽ?» ማለት ጀመርኩ። ለሚጣ ደግሞ ወታደሮች ስልክ የላቸውም አልኳት። ይህን ሁሉ ለደራሲዋ የነገርኳት እየሳቅኩ ነበር። «ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ዝም ይላል፣ እንደ ሕፃን ነው» ብያታለሁ ስለ ስልኩ።

ሽማግሌው ጨርቅ ቆራጫችን ከወዲያ ጠረጴዛ ሆኖ «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ እመቤት» አለኝ።

«አንተ ጨርቅህን ቁረጥ» አልኩት።

በዚህ ሳምንት ምራቴ የአምስት ቀን ፈቃድ ይዛ መጣች። ከነዩኒፎርሟ በር ላይ ስትቆም ሚጣ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እሰይ፣ ይበላት አልኩ በሆዴ።

እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች። «ካምፑ አጠገብ የቤተሰብ ቤት ደርሶኝ ነበር» አለች። «ይዣት ልሄድ ነበር የመጣሁት። ግን ካልፈለገችኝ አስገድጄ እናት አልሆናትም። ውሌ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። የአሳዳጊነቱን ወረቀት አስሞልቻለሁ፤ አርብ ከሰዓት አብረን ሄደን እንፈርምና ከእርስዎ ጋር ትሁን።» እንባ እንኳ አልወጣትም። ወታደር አይደለች! እኔ ፊቴን እንዳታይ ሰሃን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ሚጣ የእኔ ልትሆን ነው፣ ያውም በወረቀት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

አርብ ጠዋት የመጨረሻው ልምምድ ነበር፣ ሙሉ ልብስ ተለብሶ። ኦፔራ ቤቱ ወታደሮችን ከነቤተሰባቸው ጋብዟል። እኔም የሚቀደድ ነገር ካለ ልጠግን መርፌና ክር ደረቴ ላይ ሰክቼ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሚጣ በመሃላችን፣ ምራቴ ከወዲያ፣ ወረቀቱ በፖስታ ሆኖ ጭኗ ላይ። ከዚያ ተነስተን ልንፈርም ነው።

መጋረጃው ተከፈተ። በግራ በኩል ካምፕ፣ በቀኝ በኩል ወጥ ቤት። ወታደር ሆና የምትጫወተው ዘፋኝ አፏን ስትከፍት በእኛው ቋንቋ! እያንዳንዱ ቃል ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«ዛሬ በእኛው ነው እንዴ?» አልኩ።

ከኋላዬ የነበረችው፣ ስፌት ክፍል ባርኔጣ የምትሰፋው ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። «ማስታወቂያው ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ! የት ነበርሽ?»

የት እሆናለሁ፣ ስፌት ላይ ነበርኩ።

ከዚያ አንዲት ድምፀ ወፍራም ዘፋኝ ግራጫ ቀሚስና ሽርጥ ለብሳ ወጣች። ሽርጡ የእጄ ሥራ ነው። ትእዛዙ «አያት፦ ሽርጥ፣ በቀኝ በኩል ጥልቅ ኪስ» ይላል። ስትለካ ደግሞ «ስልክ ይገባበታል፣ እጄን ጭኜበት ነው የምዘፍነው» ብላኛለች። እኔም ኪሱ እንዳይረግብ ገበር ሰጥቼ፣ ጥግ ጥጉን ሁለት ሁለቴ መትቼ አሳመርኩላት። ለምን ይሆን የሚል ነገር በጭንቅላቴ ውልብ አላለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለምን ያላለ ሰው ያን ቀን ከየት ያምጣው!

ከኦርኬስትራው አንዲት ትንሽ ደወል ተርርር አለች። በግራ በኩል ወታደሯ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ተራ የሚጠብቁት ከኋላዋ ተሰልፈዋል። በቀኝ በኩል አሮጊቷ እጇን ኪሷ ላይ ጫነች። ቀጥላም ዘፈነችው፦ «ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ዝም ይላል፣ እንደ ሕፃን ነው።» የእኔኑ ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል! ደግሞ ቆየት ብላ ስልኩን አነሳችና «ላናግራት አልፈልግም ትላለች፣ ምን ላድርግሽ?»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ማጉረምረም ጀመሩ። «ይቺ መርዝ!» አለ አንዱ። ፊቴ እሳት ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ያቺ መነጽራም የምራቴን ጉድ ታሳይልኛለች ብዬ ሦስት ቀን ስደክም፣ እኔን እባብ አድርጋ አቆመችኝ!

ወደ ምራቴ ልዞር ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። በግድ ዞርኩ። መድረኩን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው።

«ስልክ ላይ ያሉኝ ቃል ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የሰው ሁሉ ቃል ነው» አልኩ።

«የእሁድን ተራ ለማግኘት የሌላ ሰው ጥበቃ እገባ ነበር። አስራ ሁለት ሰዓት ብርድ ላይ። ስንት እሁድ ነው የደበቅሽብኝ?»

አንቺ አለችኝ! ስምንት ዓመት እርስዎ ስትለኝ የኖረች ሴት። ደሜ ፈላ። «አንቺ ጠረፍ ላይ ሆነሽ የልጅሽን እንባ ማን ይጥረግ?» ብዬ ጮኽኩ። የኦርኬስትራው መሪ በትሩን አውርዶ ዞረ፣ ሙዚቃው ቀጥ አለ። ዘፋኟ እጇን ኪሱ ላይ እንደጫነች ከመድረክ ቁልቁል ታየኛለች። ያን ሁሉ ዓይን ይዤ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ፤ ምራቴ ሚጣን ይዛ ተከተለችኝ።

ከአዳራሹ ውጭ ምራቴ ልጇ ፊት ቁጢጥ አለች። «ስሚኝ የኔ ቆንጆ። እኔ በየእሁዱ እደውልልሽ ነበር። አላወቅሽም ነበር አይደል?»

ሚጣ እኔን አየችኝ። ቀጥላ የጫማዋን ጫፍ አየች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሲጠራ እሰማለሁ። እማማ ኪሷ ውስጥ ትይዘዋለች።»

«ታዲያ ለምን ስጪኝ አላልሻትም?»

«አንቺን ካናገርኩ አለቅሳለሁ። እኔ ሳለቅስ እማማም ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። አንቺ ብዙ ወታደሮች አሉሽ። እማማ ግን ሌላ ሰው የላትም።»

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። ከእንባ ያዳንኳት መስሎኝ! ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ የተባበልኩት እኔ ነኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ የእናቷን ድምፅ እየሰዋች እኔን ስታባብል ኖራለች። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ውሰጃት» አልኩ።

«ፈቃድ አልጠየቅኩሽም» አለች ምራቴ። ብድግ ብላ የሚጣን እጅ ያዘች። «ዕቃዋን ሾፌር ልኬ አስወስዳለሁ። ቤት እንዳትጠብቂን።»

«ማታ ማታ ጆሮዋን ያማታል። በብርድ እንዳታወጫት።»

ምራቴ ልጇን ይዛ ዞረች። ሁለት እርምጃ ስትሄድ ሚጣ በሌላኛው እጇ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። «አልሄድም! እማማ ታለቅሳለች እኮ!» ምራቴ ቆመች። ሳብ ማድረግ ትችል ነበር፣ ጉልበቱ አላት። ግን አልሳበችም። ልጅቷን ሳይሆን እኔን እያየች ጠበቀች።

ጎንበስ ብዬ የሚጣን ጣቶች ከቀሚሴ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ጠንካራ ጣት አላት። ትንሿን ጣቷን ሳላቅቅ ትልቁ ተመልሶ ይይዘኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

«አላለቅስም» አልኳት። «ሂጂ።»

የውጭው በር ከኋላቸው እስኪዘጋ ድረስም አላለቀስኩም።