የማይቆለፍ ውሃ

መምህርት ለተሥላሴ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ማለዳ ተጨንቃ አታውቅም። ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎቿ የመጨረሻውን ፈተና በወረቀት በመስጠት ፈንታ፣ አውበሬ አቅራቢያ ላለ አንድ ቢርካ ክዳን እንዲያበጁለት አድርጋ ነበር። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ክፍቱን ከዋለ ፀሐይ እኩሉን ትጠጣዋለች።

«ለነገ የሚተርፍ ሥራ ካልተማሩ ምኑን ተማሩት?» ብላ ተሟግታ ነው ያስፈቀደችው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ዐብዲዐዚዝ ግን ቁርጡን ነግሯታል፦ የመንደሩ ሰው ሥራውን ካልተቀበለ፣ በሚመጣው ዓመት ኮርሱ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ዛሬ በዓይኑ ሊያይ አብሯት መጥቷል።

ክዳኑ ያምራል። ቆርቆሮው ቀጥ ብሎ ተመቷል፤ ውሃ በሚቀዳበት በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የተማሪዎቹ መሪ ኤብላ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ለቢርካው ባለቤት፣ መንደርተኛው ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ለሚላቸው ለሀሊሞ ዘረጋች። አሮጊቷ እጃቸውን ከሻርፓቸው ሥር አላወጡም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ በሶማልኛ።

«ቁልፍ ነው፣ ኤዶ። ልጆች እንዳይወድቁበት።»

«መንገደኛስ?»

ኤብላ ቁልፉን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ሲያስቆፍር የጠማው ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠጣ ብሎ ነው። እኔ ገበያ ብውልስ? ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ብረት አይቶ ይመለስ? ምን ብዬ ነው አላህ ፊት የምቆመው?»

ኤብላ ልማዱን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ ከአያቷ አፍ ስትሰማው ነው ያደገችው። ጅጅጋ ከተማ ውስጥ ግን የውሃ በርሜል ይቆለፋል፤ ንድፉን ስታወጣ እጇ የለመደውን ሠራ። ለመምህርቷ የተባለውን ተረጎመችላትና፣ «ቲቸር፣ አበላሸሁት» አለች።

ዶክተር ዐብዲዐዚዝ ጉሮሮውን ጠረገ። ለተሥላሴ ልትከራከር ቃጣት። በልቧ «ሥላሴ፣ አንደበቴን ጠብቁልኝ» አለችና ወደ ኤብላ ዞረች።

«እስቲ ጠይቂያቸው። ክዳኑን ነው ያልወደዱት ወይስ ቁልፉን?»

«ክዳኑንማ አላህ ይባርከው» አሉ ኤዶ ሀሊሞ። «ልጅ ይውደቅ ያለም የለም። እንግዳውን አትዝጉብኝ ነው የምለው።»

ኤብላ ጎንበስ ብላ በሩን ስታየው ቆየች። «ጠባብ ባልዲ የሚያሳልፍ፣ ልጅ የማያሳልፍ ቀዳዳ ብንተውለትስ?»

«ልጁን በማን እንለካዋለን?» አለ ሻፊ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀጭኑ።

«ባንተ ነዋ። ከዚያ ከመንደሩ ትንሽ ልጅ እንጠራለን።»

ሲተረጎምላቸው ኤዶ ሀሊሞ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ይሄን ልጅ ምን እያበላችሁ ነው የምታስተምሩት?»

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። በሩ ከነጓጉንቸሩ ወረደ። ከግንባታው የተረፈውን ፌሮ አጠላልፈው በሽቦ አሰሩትና፣ መሃሉን ለጠባብ ባልዲ ያህል ክፍት ተዉት። ዶክተር ዐብዲዐዚዝ መጀመሪያ ጥላ ሥር ቆሞ ያይ ነበር፤ ኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ፌሮውን ይዞ ተገኘ። ሻፊ ተራው ደርሶ ትከሻውን ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ታገለ። አልገባለትም፤ ከመንደሩ የተጠራው ትንሽ ልጅም ጭንቅላቱን እንኳ ማስገባት አቃተው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ኃላፊው ወደ ለተሥላሴ ዞሮ እጁን እያራገፈ። «ይህን ያህል ዓመት ስለ ቢርካ ሳስተምር፣ ‹የሚጠጣው ማን ነው?› ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። በሚመጣው ዓመት የሕግ መምህራኑንም ይዘናቸው እንምጣ፤ የመንገደኛ መብት የነሱም ትምህርት ነው።»

«ኮርሱ ይቀጥላል ማለት ነው?»

«ካልቀጠለ እነሱን ምን ብዬ አመጣቸዋለሁ?»

ለተሥላሴ ፈገግ ብላ ባልዲውን ለኤብላ አቀበለቻት። ኤብላ ባልዲውን በቀዳዳው አውርዳ ውሃ ቀዳች። ኤዶ ሀሊሞ በኩባያ ጨልፈው ከሁሉ በፊት ለመምህርቷ ሰጧት።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አለች ለተሥላሴ በኤብላ በኩል።

«ከሩቅ የመጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ አሮጊቷ። «ቢስሚላህ በይና ጠጪ።»

ለተሥላሴ እንደ ለመደችው አማተበች። ኤዶ ሀሊሞ ስለ እሷ ቢስሚላህ አሉላት። ውሃው ትንሽ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል ነበር። «ተመስገን» ብላ እስከ ጭላጩ ጠጣችው።