ቀኙ አፈሙዝ

ጠመንጃ ጠጋኙን ሽማግሌ ጎረቤቶቹ ከሚያውቃቸው ሰዎች የሚጠረጥራቸው ይበዛሉ እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ውሸት አይደለም። ደንበኛ «እንደምን አደሩ» ሲለው እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ያስባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ስለዚህ አማቹ፣ የዶሮ እርባታው ዘበኛ፣ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲመጣ ሽማግሌው ገና ከበሩ ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ይከታተለው ነበር። አማቹ ጠመንጃው እንዳይዝግበት ሰግቶ ለማስጠረግ እንዳመጣው ነገረው። ከተተኮሰበት ዓመት እንዳለፈውም ጨመረ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

«ሲጨርሱም እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ፣ አባባ» አለ ለመሄድ እየተነሳ። «አልቸኩልም።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ለመውሰድ የማይቸኩል ዘበኛ አይቶ አያውቅም። ቀበሮ ሲመጣ በምን ሊያባርር ነው? በፉጨት?

ሰውየው እንደወጣ ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን አየ። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። የናስ ብሩሹን ዘንጉ ላይ አሰረና እንደ ልማዱ ጥይት ከሚጎርስበት በኩል አስገብቶ በጫፉ በኩል አወጣው። ቆሻሻ በገባበት አይመለስም፤ ተገፍቶ ይወጣል እንጂ። ቀጥሎ ጨርቅ ሰደደ። ከግራው አፈሙዝ አቧራ ብቻ ወጣ። ከቀኙ የወጣው ጨርቅ ግን ከሰል መስሎ ባሩድ ባሩድ ሸተተ። ሽታው የሰሞኑ ነው።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸኝ» ብሎ አጉረመረመ። በማን ላይ ተኩሶ ይሆን?

አንድ ነገር ግን አልዋጥለት አለ። የቀኙን አፈሙዝ ለመጥረግ የሞከረ ሰው አለ። ገና ብሩሹን ሲያስገባ ጫፉ ጠርቶ፣ ጥቀርሻው ሁሉ ወርዶ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ተጠቅጥቆ ነበር። ጠራጊው ከጫፉ ወደ ታች ነው የጠረገው። አማቹን ያስተማረው ደግሞ ራሱ ሽማግሌው ነው፤ ያ ሰው ሌላ ሌላውን ቢሳሳት ይህን አይሳሳትም። አፈሙዙን መሬት ላይ አቁሞ፣ በእግሮቹ መሃል ይዞ፣ ዘንጉን ከላይ እንደ ዘነዘና የሚወቅጥ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ልጁ ናት፤ የአማቹ ሚስት። በልጅነቷ ጠረጴዛው ላይ ስለማትደርስ እንዲያ ለመደች፤ ቢቆጣ ቢቆጣ አልተወችም።

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ባለፈው ክረምት ልጁ ከንፈሯ አብጦ፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር። ባሏ እንደሚመታት ስትነግረው ትዳር እንዲህ ነው፣ ቻይው ብሎ በማግስቱ መለሳት። ሰላምታ እንኳ የሚጠረጥር ሰው፣ ፈገግታ የማይለየውን አማቹን ሳይጠረጥር ቀረ። አፈረ፤ ከማፈሩም ይበልጥ ፈራ። በዕድሜው ሙሉ አድርጎት እንደማያውቀው፣ አፈሙዙን ዘይት ሳይቀባ ጥሎት ሱቁን ቆለፈና ወደ ልጁ ቤት ገሰገሰ።

ልጁ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ከጀርባዋ ኮርኒሱ ወንፊት መስሎ ተበሳስቷል።

«የተኮስሽው አንቺ ነሽ» አላት።

አልካደችም። ባሏ ሊመታት ሲመጣባት ወደ ላይ መተኮሷን፣ ከዚያም ጠመንጃውን ጠርጋ ከትራሷ አጠገብ ማስቀመጧን ነገረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁን አላነሳባትም። ዛሬ ጠዋት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ግን ጠመንጃው የለም።

«የት ወሰደው እያልኩ ነበር» አለች። «አንተ ጋ ነው? ለምን ተቀበልከው፣ አባዬ?»

ሽማግሌው በደልኩሽ ሊላት ፈልጎ ነበር።

«ልብስሽን ሰብስቢ፤ እንሂድ» ብቻ አላት።

«ያን ጊዜም ሰብስቤ መጥቼ ነበር» አለችው። ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

በአጠገቧ አልፎ ገባ። የትኛው ልብስ የእሷ እንደሆነ አያውቅም፤ የልብስ ገመዱ ላይ ያገኘውን ቀሚስ ሁሉ እያወረደ ክንዱ ላይ ይደርብ ጀመር።