ሦስት የተቆጡ ፌርማታዎች

ድንቢጥ ሥራ ለመግባት በየማለዳው አሥራ አንድ ፌርማታ በባቡር ትጓዛለች፤ በአሥራ አንዱም ላይ የጓደኛዋ ድምፅ ይቀበላታል። «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ገበያ። በሩ በስተቀኝ ይከፈታል።» ሌላው ተሳፋሪ ሰምቶ እንዳልሰማ ስልኩን ሲነካካ፣ እርሷን ግን እያንዳንዷ ቃል እንደ ጥርስ ሕመም ትጠዘጥዛታለች። አንድ ቀን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ተሳፈረችና መውረጃዋን አልፋ ሄደች። የምትሠራበት የሸሚዝ ስፌት ቤት ኃላፊም፣ «ምነው እመቤቴ፣ ኮሌታዎቹ ራሳቸውን ሰፍተው የሚጠብቁሽ መስሎሽ ነው?» ብለው መሣቂያ አደረጓት።

ድምፁ የሎጋ ነው። ይህን ስም ቁመቷ ያወጣላት ሎጋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተምረው፣ በአንድ አውቶቡስ ወደ ከተማ መጥተው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። መስታወቱ የተሰቀለው በሎጋ ልክ ስለሆነ፣ ድንቢጥ ፀጉሯን የምታበጥረው ወንበር ላይ ቆማ ነው። ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ድምፁ ግን የእርሷ መሆን ነበረበት! በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ዜና ታነብ የነበረችው ማን ሆነችና? የባቡር ድርጅቱን የድምፅ ፈተና ማስታወቂያ አይታ የመጣችውስ? ሎጋማ ለአጀብ ተከትላት ሄዳ፣ ወረፋው ሲሰለቻት ለቀልድ የተመዘገበች ናት። እንዲያውም «‹ፌርማታ› ስትዪ አትሩጪ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ረጋ ብለሽ በይው» ብላ ያስጠናቻት ድንቢጥ ራሷ ነበረች። ፈታኞቹ ሎጋን መረጡ። ድንቢጥም አቅፋ ሳመቻት፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በምዝገባው ዕለት የሎጋ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር፣ ቅጹ ላይ የሰፈረው የድንቢጥ ቁጥር ነው። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስልኩ ጠራ።

«የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ፈልጌ ነበር» አለ የባቡር ድርጅቱ ስቱዲዮ ድምፅ ቀጂ። «የሦስት ፌርማታዎች ቅጂ ተበላሽቶብናል። ነገ አራት ሰዓት መጥታ ታንብብልን። ካልመጣች ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«እነግራታለሁ» አለች ድንቢጥ።

አልነገረቻትም። በማግስቱ ወገቤን አሞኛል ብላ አስፈቀደችና ስቱዲዮው በር ላይ ተገኘች።

«ጓደኛዬ ታማለች፤ እኔ ልተካት» አለችው ቀጂውን።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «እስቲ እንሞክርሽ። መጀመሪያ ግን አነጋገሯን እንድትመስዪ የእሷን ላሰማሽ።» ከልምምዷ የቀረውን ቅጂ ከፈተው።

«ቀጣዩ ፌርማታ፣ ሆስፒ... ኧረ ቆይ፣ ቆይ!» ሎጋ እየሳቀች ነበር። «ሮጥኩበት። ጓደኛዬ ብትሰማኝ ትገድለኛለች። እሷ እንዴት ነበር ያለችው? እንግዳ እንደሚቀበል ሰው... እኔ እምልህ፣ ለምን እሷን አልወሰዳችሁም?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ቁልፍ ተጫኝ ነኝ» ይላል ቅጂው ውስጥ የሰውየው ድምፅ።

«በቃ እንግዲህ፣ እሷን ሆኜ ላንብበው።»

ቀጂው ድምፁን አቆመ። «ሦስት ቀን ሙሉ ‹እሷ እንዴት ነበር ያለችው› እያለች ጨረሰችኝ» አለ።

ድንቢጥ ክው አለች። ማፈር ሲገባት፣ ቅናት ቀደማት፦ እንግዲያውስ ድምፁ ድሮም የእኔ ነው! ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ሆስፒታል» አለች፤ ረጋ ብላ፣ ጥርት አድርጋ።

«ኧረ ቁርጥ እሷን!» ቀጂው በደስታ ጠረጴዛውን መታ። «ደግ ጓደኛ አለችሽ። እንኳን ላከችሽ!»

 ያሞገሳት በሎጋ ልክ መዝኖ ነበር፤ ያመሰገነውም ያልተነገራትን ሎጋን ነው። ሁለተኛውን ፌርማታ ልታነብ አፏን ከፈተችና ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ አለች።

«አልላከችኝም» አለች። «አላመማትም። አልነገርኳትም።» እዚያው ቆማ ስልኳን አውጥታ ለሎጋ ደወለች።

ሎጋ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰች።

«ታመሻል አሉኝ!» አለች እያለከለከች። «ምን ያዘኝ? ንገሪኛ፣ መድኃኒቱ እንደሆነ በእጄ ነው!»

«ሎጊዬ፣ ይቅር...»

«ዝም በይ! አንቺ ስንዝሮ! ብትጠይቂኝ እለቅልሽ አልነበር?»

«እሱን ነው ያልፈለግሁት» አለች ድንቢጥ። «እንድትለቂልኝ አልፈለግሁም። እንዳሸንፍሽ ነው የፈለግሁት።»

 ቀጂው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቶቼ፣ ከእናንተ በኋላ ሌላ ባለ ወረፋ አለብኝ።»

ሎጋ ማይክሮፎኑን ወደ ቁመቷ ከፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ድንቢጥ ላይ ተክላ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አነበበቻቸው። «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ሆስፒታል! ቀጣዩ ፌርማታ፣ ድልድይ! ቀጣዩ ፌርማታ፣ አደባባይ!» ጋዋኗን እያርገበገበች ወጥታ ሄደች።

ድርጅቱ ቅጂውን እንዳለ ተወው፤ በሦስቱ ፌርማታዎች ተሳፋሪው ከበር ቶሎ ዞር ማለት ጀምሯልና። ሎጋ ስምንት ቀን አላናገረቻትም። ባቡሩ ውስጥ ግን በስምንቱም ቀን ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ተቆጥታታለች።

በዘጠነኛው ቀን ሎጋ ባቡሩ ውስጥ መጥታ አጠገቧ ቆመች።  «ሆስፒታል!» ሲባል፣ ወንበር ላይ ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«ይቺን ልጅ ማን አስቀይሟት ነው?»

«አንዲት አጭር ልጅ ናት፣ አባባ» አለች ሎጋ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

ድንቢጥ አንገቷን ደፋች። ቅናቷ ዛሬም አልለቀቃትም፤ ቁጣው ራሱ እንዴት ጥርት ብሎ ተነቧል! «ድልድይ!» እስኪባል ጠበቀችና ክርኗን ነካ አደረገቻት።

«እዚች ላይ ግን ሮጠሻል» አለቻት።

ሎጋ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋ ግን «አደባባይ» ሳይደርስ አመለጣት።