የፕላኑ ጀርባ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሰኔ ገብቶ እስከ ጥቅምት አልወጣም። ሐይቁ ሞልቶ መንገዱን ያዘ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከዛፍ ጋር አሰሩ። በቆሎው ቆሞ በሰበሰ። የሥዕል ሙዚየሙ ምድር ቤት ውሃ ገባው፤ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳም ተሰነጠቀ።

ሥዕሎቹ ፎቅ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ምድር ቤት የነበረው የሕንፃው ወረቀት ነው፤ ፕላኑ፣ የየዕለቱ የሥራ መዝገብ፣ ደብዳቤው። ለዚህ ወረቀት የሚጨነቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በኃይሉ ነው። ሕንፃው ሲሠራ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ካለቀ በኋላ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ይዞ ቀረ። አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ወረቀቱን አወጣ። በትልቁ አዳራሽ ሲባጎ ወጥሮ እንደ ልብስ አሰጣው። አርባ ቀን ሙሉ ሻጋታውን በብሩሽ ሲጠርግ፣ የተጣበቀውን ሲያላቅቅ ሰነበተ።

ከፕላኑ ሉሆች ቁጥር አሥራ አራትን ሲያነሣ ግን እጁ ይከብደው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃውን የሠራው ኢንጂነር ምንያህል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፕላን ላይ ሲሞነጨር ማየት አይወድም። «የፕላን ፊት የሙሽራ ፊት ነው፤ አይነካም» ይል ነበር። ስለዚህ በሥራ ላይ የተለወጠ ነገር ሁሉ በጀርባው ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። በዚያ ሳይት ፕላኑን ሳይገለብጥ አርማታ የሚሞላ ሰው አልነበረም።

በሐይቁ በኩል መሠረቱ ሲቆፈር ውሃ ፈለቀ። ከዚያ በላይ መውረድ አልተቻለም። ኢንጂነሩ መሠረቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ሦስት ሜትር ተዘርግቶ እንዲሞላ አዘዘ፤ በአሥራ አራት ጀርባ ጽፎ ፈረመ። የግንበኞቹ አለቃ፣ ካፖው ሰኢድ፣ እንደታዘዘው ሠራ። ሥራው ሲያልቅ አሠሪዎቹ «ከፕላኑ በላይ የወጣው ሲሚንቶና ፌሮ የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። ኢንጂነሩ ሳያስፈቅድ ነበርና የለወጠው፣ ዝም አለ። ሰኢድ «ታዝዤ ነው፤ መሬት ውስጥ ነው፤ ቆፍራችሁ እዩ» አለ። ያለቀ ሕንፃ መሠረት ማን ይቆፍራል? በኃይሉን ጠሩት። «ትእዛዝ አይተሃል?» አሉት። ፕላኑ ያለው እሱ መደርደሪያ ላይ ነው። አምስት ልጆች ነበሩት፤ እንጀራውም በኢንጂነሩ እጅ ነበር።

«አላየሁም» አለ።

ሰኢድ ሌባ ተብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶ የሚያስነካው ጠፋ። መናኸሪያ ሻንጣ ተሸክሞ ልጆቹን አሳደገ። ሃያ ሁለት ዓመት።

በኃይሉ ያንን ወረቀት ከጎርፉ ሲያወጣ፣ ሲደርቅ ወስጄ ለሰኢድ እሰጠዋለሁ ብሎ ማለ። ደረቀ። ለሰኞ ይሁን አለ። ሰኞ ሲመጣ አዳራሹ ባዶ ነበር። ሲባጎው ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል።

ሥራ አስኪያጁን ክብሩን ደረጃው ላይ አገኘው።

«ወረቀቱስ?»

«ጋሼ በኃይሉ፣ ገላገልንዎት እኮ! ቅዳሜ ሁሉንም በሞባይል ፎቶ አነሣነው። ወረቀቱን ቆራሌው ወሰደው። አዳራሹ ለኤግዚቢሽኑ ይፈለጋል።»

«ጀርባውንም አነሣችሁ?»

«የወረቀት ጀርባ ምን አለው?»

በኃይሉ ጮኸ። «ያለው ነገር እኮ ጀርባው ላይ ነው!»

«ለወረቀት እንዲህ ከሆኑ ሥዕል ቢጠፋ ምን ሊሆኑ ነው?» ክብሩ ሳቀ። «ይልቅ ከሰዓት ኤክስካቫተር ይመጣል። ግድግዳውን ተጠግቶ የውሃ መውረጃ ይቆፍራል። ፕላኑ ላይ መሠረቱ ጠባብ ነው፤ አይነካውም።»

«የትኛው ፕላን ላይ?»

«ሞባይሌ ላይ ነዋ።»

«እሱ ልንሠራ ያሰብነው ቤት ነው፤ የሠራነው አይደለም። ታፈርሰዋለህ፣ አንተ ሰው!»

«አባባ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

በኃይሉ ፊቱን አዙሮ ወጣ። አፉን ቢከፍት ስድብ ብቻ ነበር የሚወጣው። ባጃጅ ይዞ ቆራሌዎቹ ወደሚውሉበት ወደ መናኸሪያ ሄደ። ቆራሌውን አፈላልጎ ያዘው፤ ቆራሌው ወደ ኦቾሎኒ ሻጯ ወደ ብዙነሽ ጠቆመው። ፕላኑ ተጠቅልሎ ከመቀመጫዋ ሥር ተወሽቋል።

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው አባቴ? እንደ ቆርቆሮ አልታጠፍ አለኝ። ደግሞ ሻጋታ ሻጋታ ይላል፤ ደንበኛ አባረረብኝ።»

«ስንቱን ቀደድሽ?»

«ምነው፣ የቤትዎ ካርታ ነው እንዴ? ይቆጡኝ እንጂ አይምቱኝ!»

«የሰው ስም ያለበት ነው» አላት።

ፊቱን አይታ ሳቋን ተወች። «ሌላ ወረቀት ያምጡልኝና ሁሉንም ይውሰዱ። እኔ ኦቾሎኒ እንጂ የሰው ስም አልጠቀልልም።»

አንድ እስር አሮጌ ጋዜጣ አመጣላትና ተንበርክኮ ፈለገ። ዘጠኝ የለም። የአሥራ አንድ ግማሹ የለም። አሥራ አራት ጥጉ ተቀዷል፤ ጽሑፉና ፊርማው ግን ተርፏል።

ሰኢድ የመናኸሪያው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። በኃይሉ «አላየሁም» ካለበት ቀን ጀምሮ ሰላም ተባብለው አያውቁም። በኃይሉ ወረቀቱን በጀርባው ዘረጋለት። ሰኢድ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«የት ነበር?»

«እኔ ዘንድ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ሰኢድ ከዘራውን አነሣ። በኃይሉ አልሸሸም። ከዘራው አየር ላይ ቆይቶ ሳይመታው ወረደ።

«እናቴ ሌባ ወለድኩ ብላ ሞተች፣ አንተ ውሻ።»

«በኋላ ትመታኛለህ። አሁን ግን መሠረትህን ሊቆርጡት ነው። ተነሥ።»

«ይቁረጡት! ቤቱም ይውደቅባችሁ!» አለ ሰኢድ። ግን ተነሣ። ግንበኛ ነው፤ የሠራው ሲፈርስ ቁጭ ብሎ አያይም።

ሙዚየሙ ሲደርሱ ማሽኑ ክንዱን አንሥቷል። ሰኢድ ሄዶ ፊቱ ተገተረ። ግድግዳውን እንድትመረምር ከዩኒቨርሲቲ የተጠራችው ኢንጂነር ሃሴት እየሮጠች መጣች። በኃይሉ ወረቀቱን ሰጣት። የፕላኑን ፊት አየች። እሱ ገለበጠላት። አንብባ ስትጨርስ ወደ ክብሩ ዞረች።

«ይኼን ለምን አልሰጣችሁኝም?»

«እሱ እኮ... ጀርባው ነው።»

«ማሽኑን አቁሙ! በአካፋ ቆፍሩ!»

ሁለት ሠራተኞች ከግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ርቀው ቆፈሩ። ጉድጓዱ ወገባቸው ሳይደርስ አካፋው አርማታ መታ። ክብሩ ሞባይሉን ኪሱ ከተተ።

«ማነው የሠራው?» አለች ሃሴት።

በኃይሉ ወደ ፊት ወጣ። ሠራተኞቹም ዘበኞቹም ቆመው ያዩታል።

«ሰኢድ ነው። ጠፋ የተባለው ሲሚንቶ ይኸው። ትእዛዙን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ ሌባ ያስባልኩት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁም» አለ ሰኢድ፣ ዓይኑን ከአርማታው ሳያነሣ። «ያኔ ስትክደኝ ጮክ ብለህ ነበር።»

በኃይሉ ቀና ብሎ ሁሉንም እንደገና ተናገረ። ድምፁ ከአጥሩ ውጭ ተሰማ፤ መንገደኛው ቆመ።

«በቃ» አለ ሰኢድ። «ደርሶኛል።»